«ሊሠራ ነው»

ለጋ ዲማን በበጋ ያያት ሰው ወንዝ ናት ብሎ አይምልም። ከብት ጠጥቶ ሊጨርሳት የሚደርስ፣ ልጆች ጫማ ሳያወልቁ የሚዘሏት፣ እንዲያው የውሃ ጭላጭ ናት። ሐምሌ ሲገባ ግን ያቺው ጭላጭ ከወጨጫ ተራራ የወረደውን ጎርፍ ሁሉ ተቀብላ፣ በቀይ አፈር ደፍርሳ፣ እያጓራች ትመጣለች። ያን ጊዜ ሰበታ ለሁለት ይከፈላል። አስፋልቱ፣ ሚኒባሱ፣ ፋብሪካው፣ ክሊኒኩ፣ የመቃብር ቦታው ሳይቀር በወዲህ በኩል ይቀራል። በወዲያ በኩል የሚቀረው ሰው ብቻ ነው። ማዶ ሰፈር የሚባለው እሱ ነው።

ሕዝቅያስ የማዶ ሰፈር ሰው ነው። ከዱራሜ መጥቶ ጅማ መንገድ ዳር ካለ ሳሙና ፋብሪካ ተቀጠረ፤ የአገሩን ልጅ ኢየሩስን አገባ፤ አቤኒ የምትባል ሴት ልጅ ወለደ፤ የቤት ኪራይ እዚያ ይረክሳል ሲሉት ተሻግሮ ገባ። ጥሩ ሰው ነው። አንድ ጥፋት ቢኖርበት በማይክሮፎን የተነገረውን ሁሉ ማመኑ ነው። ምን ታደርጉታላችሁ፣ አንዳንዱ ሰው እንዲህ ሆኖ ይፈጠራል።

ማዶ ሰፈር በወሬ ከሆነ ድልድይ ቸግሮት አያውቅም። ወንዙ ዳር ሦስት የመሠረት ድንጋይ ተተክሎለታል። የመጀመሪያው የድሮ ነው፤ ጽሑፉን ዝናብ በልቶት ማን እንዳስቀመጠው እንኳ አይነበብም። ሁለተኛው፣ ለውጥ መጣ በተባለ ሰሞን የተተከለ ነው። ሰው በደስታ ያለቀሰበት ጊዜ ስለነበር፣ በዚያ ድንጋይ ዙሪያ የተጨፈረው ጭፈራ ዛሬም ይወራል። ሦስተኛው ደግሞ፣ ምርጫ ሊደርስ ሲል መጣ።

እስከዚያ ሰዉ በምን ይሻገር ነበር ካላችሁኝ፣ በግንድ። የሰፈሩ አዛውንት የአደ ወርቅቱ ባል ኦቦ ተረፈ፣ በጎልማሳነታቸው የተከሏቸውን ሦስት ግዙፍ ባሕር ዛፎች ቆርጠው፣ ጎን ለጎን አጋድመው፣ በሽቦ አስረው ለሰፈሩ ሰጥተው ነበር። አርጅቷል፣ ሲረግጡት ይወዛወዛል፣ ግን ያሻግራል። ነፍሰ ጡር አሻግሯል፣ ሙሽራ አሻግሯል፣ ሬሳ አሻግሯል።

ሦስተኛው ድንጋይ ሊተከል ቀን ሲቆረጥ ታዲያ ስካቫተር መጣ። ልብ በሉ፣ ስካቫተር! ከዚያ በፊት ድንጋይ እንጂ ማሽን መጥቶ አያውቅም። ሰፈሩ ሥራ ፈትቶ ወጥቶ ቆመ። ማሽኑ የወንዙን ዳርና ዳር ቆፈር ቆፈር አደረገ፣ ፎቶ ተነሳ። ከዚያ ዝግጅቱን የሚያስተባብረው፣ አንገቱ ላይ ባጅ ያንጠለጠለ ጎልማሳ፣ ወደ ግንዱ ጠቆመ።

«ይሄ ለካሜራ አያምርም። አዲሱ ድልድይ ደግሞ እዚሁ ነው የሚያርፈው። አንሱልን። ለእንግዳው መድረክም እንጨት ቸግሮናል» አለ።

ኢየሩስ አቤኒን አዝላ ከሰው ጋር ቆማ ነበር። «አዲሱ ሳይመጣ?» አለች። «ሕዝቄ፣ ኧረ ቢያንስ እስኪጀምሩ ይቆይ።»

«ማሽኑን አታይም እንዴ? ጀምረዋል እኮ!» አላት ሕዝቅያስ፣ ሳቅ ብሎ። መጥረቢያም አነሳ። በግንዱ ላይ መጀመሪያ መጥረቢያ ያሳረፈው እሱ ነው።

ግንዱ ለመድረክ ልክ እንዲሆን ተቆራረጠ። የክብር እንግዳው በዚያ መድረክ ላይ ቆመው «ለሚቀጥለው መስከረም በድልድያችሁ ላይ እንገናኛለን!» አሉ፤ ጭብጨባው ቀለጠ። ከሁሉ አብልጦ ያጨበጨበው ሕዝቅያስ ነበር። በማግስቱ ስካቫተሩ በሎቤድ መኪና ተጭኖ ሄደ። ለአንድ ቀን ተከራይተውት ኖሯል። ዳርና ዳሩ ስለተቆፈረ ደግሞ ወንዙ ሰፍቷል፤ ሌላ ግንድ ቢገኝ እንኳ ከዚህ እዚያ አይደርስም። አይ የኛ ነገር! የገዛ ድልድዩን በገዛ መጥረቢያው ፈልጦ የንግግር መድረክ የሚሠራ ሰው ከማዶ ሰፈር ሌላ የት ይገኛል?

የመጣው መጣ። ሐምሌ ላይ ኢየሩስ አቤኒን ክሊኒክ አስከትባ ስትመለስ፣ ዝናቡ አባርቶ ነበርና ሰው ሁሉ ድንጋይ እየረገጠ በሚሻገርበት ቦታ ጫማዋን አውልቃ ገባች። መሀል ላይ አንዱ ድንጋይ ከእግሯ ሥር ተንከባለለ። ከነልጇ ወደቀች። በያጁ አደም ወርክሾፑ ወንዙ አፋፍ ላይ ነው፤ ጩኸት ሲሰማ የብየዳ መነጽሩን እንኳ ሳያወልቅ ዘሎ ገባ። ታች ካለው ቁጥቋጦ ላይ ደርሶባቸው አንዷን በፀጉሯ፣ አንዷን በአንቀልባዋ ጎትቶ አወጣ። ሕፃኗ ቀይ ውሃ ተፋችና አለቀሰች። ለቅሶዋን የሰማ ሁሉ እልል አለ። ኢየሩስ ግን አላለቀሰችም። ወንዙ የአቤኒን አንድ እግር ቦቲ ጫማ ይዞ ሄዶ ነበር፤ እሷ የቀረውን አንዱን እግር ይዛ ቁጭ አለች።

ጥቂት ቆይታ ወደ አገሯ ዱራሜ ልትመለስ ሻንጣ አዘጋጀች። ሕዝቅያስ አልከለከላትም፤ በምን አፉ? መኪና መሳፈሪያው ጋ ሸኛት። አቤኒን ከእቅፉ ተቀብላ እንዲህ አለችው፦

«ድልድዩ ሲሠራ ደውልልኝ፣ እመጣለሁ። ሊሠራ ነው ብለህ ግን እንዳትደውልልኝ። ሲሠራ።»

ሰውየው ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ደወለ! ቅየሳ የሚቀይሱ ልጆች ባለ ሦስት እግር መሣሪያቸውን ይዘው የመጡ ቀን «ኢዩ፣ ሊሠራ ነው» ብሎ ደወለ። በጀት ተፈቀደ ሲባል ደግሞ ደወለ። ከፋሲካ በኋላ ይጀመራል ሲባል እንደገና ደወለ። ሊዋሻት ፈልጎ አይደለም። ናፍቃው ነው። ቃሉን በአፉ ሲለው እሷ ትንሽ የቀረበች ይመስለዋል። በደወለ ቁጥር አቤኒ ስልኩን ትቀማና «አባ፣ ድልድዩ መጣ?» ትለዋለች፤ ድልድይ ከሩቅ አገር ተሳፍሮ የሚመጣ እንግዳ መስሏት። «እየመጣ ነው የኔ እናት» ይላታል። በኋላ በኋላ መጠየቅ ተወች። ኢየሩስም «ጌታ ያውቃል» ብላ ወሬ ትለውጣለች። ሕዝቅያስን ከስድብ ይልቅ ይሄ «ጌታ ያውቃል» አንጀቱን ይበላው ነበር።

ቤቱ እንዴት ያለ ቤት ሆነ መሰላችሁ። ከፋብሪካ ሲመለስ ልብሱ ሳሙና ሳሙና ይሸታል። ድሮ አቤኒ አንገቱ ሥር ገብታ «አባ ታጥቧል!» እያለች ትስቅ ነበር። አሁን የሚያሸተው የለም። አንድ እግር ቦቲዋን ከአልጋው ሥር አስቀምጧል፤ እያወጣ አቧራውን ይጠርግና መልሶ ያስገባዋል። እሁድ ቸርች ሄዶ መዘምራኑ ሲቆሙ ዓይኑ የኢየሩስን ቦታ ይፈልጋል። ሌላ ሴት ቆማበታለች፤ ደግሞ ጥሩ ትዘምራለች፤ እሱ ግን ቂም ይዞባታል። ምን አድርጋው? ምንም።

እንዲህ እንዳለ ሁለተኛው ክረምት ገባና፣ ነሐሴ ላይ ኦቦ ተረፈ አረፉ።

ዕድሩ ወጣ። ሬሳው ወንዙን ተሻግሮ ወደ መቃብር መሄድ አለበት፣ ወንዙ ደግሞ ሞልቷል። ጎበዛዝት ገመድ ወጥረው፣ ሣጥኑን ትከሻ ላይ ከፍ አድርገው፣ ደረታቸው ድረስ እየሰጠሙ ገቡ። ሕዝቅያስ በፊት በኩል ነበር። ውሃው ሊጥለው ሲል ሣጥኑ ተንገዳገደ፤ ከዳር የሴቶቹ ጩኸት ተነሳ። እንደ ምንም አሻገሩት። ሴቶቹ ግን አልተሻገሩም። አደ ወርቅቱ እገባለሁ ብለው ሲታገሉ ጎረቤቶቻቸው በነጠላቸው አስረው ያዟቸው። ያንን ያህል ዘመን አብረው የኖሩትን ባላቸውን ከወንዝ ማዶ ቆመው በእጃቸው ሸኙ። አፈር መመለሱን የነገሯቸው በስልክ ነው።

ሐዘን ቤት ሳሉ፣ ውሃው ጎደል ያለ ቀን ባለባጁ መጣ። ያው ግንዱን ያስነሳው ሰውዬ ነው፤ ባጁ ብቻ ታድሷል። ጫማውን በጭቃ አበላሽቶ ስለመጣ አይፈረድበትም፣ ሐዘኑም የእውነት ይመስላል። «እግዜር ያጥናዎት» ካለ በኋላ ግን ቁጭ ከማለቱ፣ «ድልድዩ በዘንድሮው በጀት ሊሠራ ነው» አለ።

 ሕዝቅያስ ቃሉን ከሌላ ሰው አፍ ሲሰማው እንደዚያ ቀን አፍሮ አያውቅም። ለካ ሲሰሙት እንዲህ ነው! ለካ ኢየሩስ ስልኩን ጆሮዋ ላይ አድርጋ የምትሰማው ይሄንን ነው! አንገቱን ደፋ።

«ልጄ» አሉ አደ ወርቅቱ ለባለባጁ፣ «መንገድ መጥተሃል፣ ንፍሮ ቅመስ።» በልቶ ሄደ።

እሱ እንደወጣ ቀና አሉ። «ተረፈ ግንዱን ሲሰጥ ስብሰባ አልጠራም። ቆረጠ፣ አጋደመ፣ ሰው ተሻገረ። አሁን እኔም ስሞት በገመድ ልትጎትቱኝ ነው? ዲሲ! ይቅርብኝ። ከጓሮ ቅበሩኝ።»

ያኔ አደም ጉሮሮውን ጠረገ። «ከወርክሾፔ ጓሮ የአሮጌ ተሳቢ መኪና ሻንሲ፣ የታች ብረቱ አለ፣ ሣር የበቀለበት። ለቁርጥራጭ ልሸጠው ነበር። ከዳር ዳር ይደርሳል፤ ስንቴ በዓይኔ ለክቼዋለሁ። ከወዲህም ከወዲያም የሚቀመጥበት ግንብ ከሠራችሁልኝ፣ ላሜራ አንጥፌ፣ ድጋፍ በይጄ ድልድይ አደርግላችኋለሁ።»

«እንዴ አደም!» አለ ሕዝቅያስ ብድግ ብሎ። «ይሄን ሁሉ ጊዜ ይዘኸው ለምን ዝም አልክ?»

«ምን ልበል? ሊሠራ ነው፣ ሊሠራ ነው ስትሉ!»

ሕዝቅያስ ተመልሶ ተቀመጠ።

መስቀል አልፎ ውሃው ጎደል ሲል ደቦ ተጠራ። ሰፈሩ ውስጥ ከሶዶና ከሆሳዕና የመጡ ግንበኞች ሞልተዋል፤ አዲስ አበባ ላይ የሰው ፎቅ ሲገነቡ ውለው ማታ እዚህ የሚያድሩ ናቸው። እሁድ ከቸርች መልስ የክት ልብሳቸውን አውልቀው ወንዝ ገቡ። ሴቶች አሸዋ በማዳበሪያ ተሸከሙ። ከአዲስ አበባ ኪራይ ሸሽተው የመጡ የቢሮ ሰዎችም ነበሩ፤ አካፋ አያያዙን እስኪለምዱት ድረስ መሳቂያ ሆነው ከረሙ፣ ግን አልቀሩም። አንዱ በኦሮምኛ፣ አንዱ በከምባትኛ፣ አንዱ በወላይትኛ ሲጯጯህ ለጋ ዲማ እንዲያ ዓይነት ጫጫታ ሰምታ አታውቅም። ሕዝቅያስ መጀመሪያ ገብቶ መጨረሻ የሚወጣ ሆነ። «አንተ ሰው ዓሣ ነህ ወይ?» ይለዋል አደም። ብርዱ እስከ አጥንቱ ሲገባ ኢየሩስ የወደቀችበትን ቦታ ያይና መልሶ ይቆፍራል።

በወዲህኛው ግንብ ላይ ጥርብ ድንጋይ አለቀባቸው። አደ ወርቅቱ ዘንጋቸውን ተደግፈው ዳር ላይ ቆመው ነበር። «እነዚያስ?» አሉ፣ ወደ ሦስቱ የመሠረት ድንጋዮች እያመለከቱ።

ወሬ እግር አለው፤ ባለባጁ እያለከለከ መጣ። «አይነካም! የመንግሥት ንብረት ነው!»

«ልጄ» አሉት አደ ወርቅቱ፣ «መሠረት ይሁን ተብሎ አይደል የመጣው? ያው መሠረት እያደረግነው ነው። ምን አጠፋን?» ሰዉ በሳቅ ፈነዳ። ባለባጁም፣ ሐቁን ለመናገር፣ ሳቁ አመለጠውና ፊቱን አዞረ። ሦስቱም ድንጋይ ግንቡ ውስጥ ገቡ።

ይህ ሁሉ ሲሆን ሕዝቅያስ ለኢየሩስ ትንፍሽ አላለም። ምላሱን ነክሶ ያዘ። በየሳምንቱ ይደውላል፣ ስለ ጤና ይጠይቃል፣ አቤኒ መዋዕለ ሕፃናት መግባቷን ይሰማል፣ «ሌላስ ምን አለ?» ስትለው «ምንም የለም» ይላል። እጁ በሲሚንቶ ተላልጦ ስልኩን በሁለት ጣት ይዞ ነው እንግዲህ «ምንም የለም» የሚለው! ቀላል መሰላችሁ? ወሬው ጉሮሮው ላይ ደርሶ ይመለሳል። ብነግራትና ግንቡ ቢናድስ? ሻንሲው ባይደርስስ? እንደገና «ሊሠራ ነው» ባይ ልሆን? አይሆንም አለ።

አንድ ቀን ኢየሩስ፣ «ሕዝቄ፣ ስለ ድልድዩ ምንም ማለት ተውክ» አለችው።

«እ... ተውኩ።»

«ድሮ እንኳ ትዋሸኝ ነበር። አሁን መዋሸቱም ሰለቸህ?» ድምፅዋ ተሰበረ። «ተስፋ ቆርጠህብን ከሆነ ንገረኝ፤ እኔም ልወቀው።»

ወንዙ ዳር ቆሞ ነበር፤ ግማሽ ግንብ ከፊቱ ነበር። አንድ ቃል ቢናገር ልቧ ያርፍ ነበር። ዓይኑ እንባ ሞላ። «ኢዩ፣ እወድሻለሁ» አላት። ሌላ ቃል አልጨመረም። ስልኩ ሲዘጋ ግንቡ ላይ ቁጭ ብሎ እንደ ልጅ አለቀሰ። ይቺ ሴት ብትቀርብኝስ? እውነተኛ ልሁን ስል ብትቀርብኝስ? ያን ቀን አደም ምንም ሳይጠይቀው አጠገቡ ተቀምጦ አመሸ።

ሻንሲው የተጎተተ ቀን ሰፈር የቀረ ሰው የለም። በባሕር ዛፍ አጣና ላይ እየተንከባለለ፣ በገመድ እየተሳበ፣ እየተገፋ፣ ወንዙ ላይ ተዘረጋና ግንቡና ግንቡ ላይ ዘፍ ብሎ ተቀመጠ። ደረሰ! አደም ዓይኑ አልዋሸውም። ከዚያ ላሜራው ተነጠፈ፣ የቧንቧ ብረት በግራና በቀኝ ድጋፍ ሆነ። ሲረግጡት ዟ ዟ ይላል፤ አንድ ሰው ሲሻገር ሰፈሩ ሁሉ ይሰማል። አደ ወርቅቱ በመጀመሪያው ጠዋት ብቻቸውን ተሻግረው ባላቸው መቃብር ላይ ዋሉ።

ሕዝቅያስ ደርሶ መለስ ተሻገረበት። ዘለለበት። ደግሞ ዘለለበት። ከዚያ ደወለ።

«ተሠርቷል» አላት።

«ምን አልከኝ? ሊሠራ ነው ነው?»

«ተሠርቷል።»

«ማን ሠራው?»

«እኛ።»

«እናንተ እነማን?»

«አደም፣ አደ ወርቅቱ፣ ግንበኞቹ... ሰፈሩ። እኔም አለሁበት።»

 ከጀርባዋ የዶሮ ድምፅ ይሰማል። «ቅዳሜ እንመጣለን» አለችና ዘጋች።

እዚህ ላይ ቢያልቅ ምን ነበረበት! ግን ዓርብ ዕለት ባለባጁ ደግሞ ብቅ አለ። የክብር እንግዳ ቅዳሜ ጠዋት መጥተው ድልድዩን ይመርቃሉ አለ። ድንኳን ይተከላል፣ ካሜራ ይመጣል። ሪባን ስለሚታሰር እስኪቆረጥ ማንም እንዳያልፍ፤ ነዋሪው በማዶ በኩል ተሰልፎ በጭብጨባ ይቀበል። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩና «እንግዲህ ለግማሽ ቀን ብለን ከመንግሥት አንጣላ» አሉ። ሕዝቅያስ «ባለቤቴ እኮ ነገ ትመጣለች» ቢል፣ «ከሰዓት አይደል የምትደርሰው? እስከዚያ ያልቃል» አሉት። ሊነግራት ቢደውል ስልኳ ተዘግቷል፤ እስከ ሌሊት ቢሞክርም አልተከፈተም።

ቅዳሜ ሆነ። ከወዲህ በኩል፣ ከአስፋልት የሚመጣው መንገድ ላይ፣ ድንኳን ተተከለ፤ የድልድዩ አፍ ላይ ቀይ ሪባን ተወጠረ። ሁለት አስተናጋጆች ከፊቱ ቆሙ። ድምፅ ማጉያው «እንግዳችን በመንገድ ላይ ናቸው» ይላል። ፀሐይ ከረረች። እንግዳው አልመጡም። «እየደረሱ ናቸው» አለ። አልመጡም። በማዶ በኩል ሰፈሩ ተሰልፎ በገዛ ድልድዩ አፍ ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ወይ ነዶ! ሕዝቅያስ የክት ሸሚዙን ለብሶ መጀመሪያው ላይ ቆሟል።

ያኔ ነው ያያት።

ኢየሩስ ከሰዓት ሳይደርስ መጣች። ሻንጣ በአንድ እጇ፣ አቤኒን በአንድ እጇ ይዛ ከአስፋልቱ ቁልቁል ትወርዳለች። አቤኒ በእግሯ! ሕዝቅያስ በሐሳቡ ሁሌ ታዝላ ነበር የሚያያት፤ እሷ ግን ረዝማ፣ ሹሩባ ተሠርታ፣ እየዘለለች ትመጣለች።  «ኢዩ!» ብሎ ተጣራ፤ ድምፅ ማጉያው ዋጠው።

አስተናጋጁ እጁን ዘርግቶ ሲያስቆማት አየ። «ዛሬ አይታለፍም» ሲላት ከንፈሩ ይታወቃል። ኢየሩስ ድንኳኑን አየች። ወንበሮቹን አየች። ካሜራውን አየች። ሪባኑን አየች። ከዚያ ድልድዩን አየችው፤ ሰው የማያልፍበት፣ አዲስ ቀለም የተቀባ፣ ባዶ ድልድይ። ሕዝቅያስ የምታስበውን እዚያው ሆኖ ሰማው፤ ያን ጊዜም ማሽኑ እውነተኛ ማሽን ነበር። ያን ጊዜም እንዲህ ወንበር ተደርድሮ ነበር። ፊቷ ላይ ንዴት እንኳ አልነበረም። የአቤኒን እጅ ጠበቅ አድርጋ ዞረችና ወደ አስፋልቱ መልሳ መውጣት ጀመረች።

«ኢየሩስ! ኧረ በጌታ!»

አልሰማችም። አደ ወርቅቱ በዘንጋቸው ወገቡን ጎሸም አደረጉት። «ምን ትጠብቃለህ? ሩጥ እንጂ!»

ሮጠ። ላሜራው ከእግሩ ሥር ዟ ዟ ዟ እያለ አስተጋባ። አስተናጋጆቹ ዞር ሲሉ እሱ ሪባኑ ጋ ደርሷል። ሪባኑ ደረቱ ላይ ተወጠረና ተበጠሰ። «ኧረ ሰውዬ!» አለ ባለባጁ። ድምፅ ማጉያው «እንግዳችን...» ብሎ አቆመ።

ኢየሩስ ያስቆማት ጩኸት አልነበረም፤ የብረቱ ድምፅ ነው። ሰው በላዩ የሚሮጥበት ድልድይ ድምፅ። ዞር አለች። ሕዝቅያስ ቁልቁለቱ ሥር ደርሶ ቆሟል፤ ትንፋሹ ተቆራርጧል፤ ከደረቱ ላይ ቀይ ሪባን ተጠምጥሞ ወደ ኋላ ይጎተታል። 

አቤኒ ቀስ ብላ ቀረበችው። በስልክ የምታውቀውን ሰው ከታች እስከ ላይ አየችው። ሪባኑን በጣቷ ነካች። «ለኔ ነው ያመጣኸው?»

የድሮው ሕዝቅያስ «አዎ የኔ እናት» ባለ ነበር። «አይደለም» አላት ተንበርክኮ። «ስሮጥ ተጠምጥሞብኝ ነው። ከወደድሽው ግን ውሰጂው።» አቤኒ ወሰደችው። ከዚያ አንገቱ ሥር ገብታ አሸተተችው። «ታጥቧል» አለች ለእናቷ፣ ዞር ብላ።

ሕዝቅያስ እዚያው እንደተንበረከከ ፊቱን በልጁ ትከሻ ሸፈነ።

ኢየሩስ ወደ ድልድዩ አፍ ሄደች። እግሯን ሳታሳርፍ ቆመች። ማዶ ያለው ሰልፍ ፈርሶ ሁሉም ወደ እሷ ያያል። «ይይዛል?» አለችው ባሏን፣ ሳትዞር።

«እኔን ይዞኛል። አንቺ ራስሽ እዪው።»

ረገጠችው። ዟ አለ። ሌላውን እግሯን ጨመረች። ሕዝቅያስ ሻንጣዋንና ልጁን ይዞ ከኋላዋ ተከተለ፤ አልቀደማትም። «ኮቱ! ኮቱ!» እያሉ ይጠሯታል አደ ወርቅቱ ከማዶ፣ ዘንጋቸውን እያወዛወዙ። መሀል ላይ ስትደርስ ድጋፉን ይዛ ወደ ታች አየች።

«እዚህ ጋ ነበር» አለች።

«አዎ፣ እዚህ ጋ ነበር።»

 ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። «ሕዝቄ፣ መዋሸት የተውክ ሰሞን በጣም ፈራሁ። ግን ካሁን በኋላ የሚለኝን አምነዋለሁ ብዬ ሻንጣዬን ከአልጋ ሥር ያወጣሁት ያኔ ነው።»

ድምፅ ማጉያው ነዋሪዎች ወደ ሰልፋቸው እንዲመለሱ ይለምን ጀመር። የሚሰማው አልነበረም፤ ሰዉ ከወዲህም ከወዲያም መሻገር ይዞ ነበር፣ ላሜራውም ይጮህ ነበር። አቤኒ ሪባኑን ጭንቅላቷ ላይ አስራ፣ «አባ፣ ቤታችን የቱ ነው?» አለች። ሕዝቅያስ በእጁ አሳያት።